አሮጌ ቶርኖን ከወደቀበት ማንሳት፦ የጥገና ሙያ ለኅብረት ሥራ ማኅበራት ያለው ጥቅም

በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባላት የቀረበ ንግግር







በእንዲህ ዓይነት በዓል ላይ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ምርጥ ዘር፣ ስለ ገበያና ስለ ትርፍ ክፍፍል መነጋገር የተለመደ ነው። የዛሬው ርዕስ ግን ከማሳው ወጣ ብሎ ወደ ወፍጮ ቤቱ፣ ወደ ውኃ ፓምፑና ወደ ጋሪው ያመራል። ምርት ተሰብስቦ ጎተራ ከገባ በኋላ የገበሬውን ቤተሰብ ከሚያስቸግሩት ነገሮች አንዱ የመሣሪያ መሰበር እንደሆነ እዚህ ለተሰበሰበው ሁሉ መንገር አያስፈልግም።

ወፍጮ በታኅሣሥ ወር ቆመ እንበል። ሞተሩ ደህና ነው፤ ድንጋዩም ደህና ነው። የተበላሸው ኩሽኔታው የሚቀመጥበት የዘንጉ አንገት ነው፤ ተበልቶ ቀጥኗል። ክንድ የማይሞላ አንድ ብረት መሆኑ ነው። ነገር ግን ያንን ብረት የሚቀርጽ ቶርኖ ያለው በዞኑ ከተማ ብቻ ከሆነ ዘንጉ ተፈትቶ፣ በመኪና ተጭኖ፣ ወረፋ ጠብቆ እስኪመለስ ድረስ የቀበሌው እናቶች እህሉን በጀርባቸው አዝለው ወደ ሌላ ቀበሌ ይጓዛሉ። የወፍጮው ገቢ ይቋረጣል፤ የባለሙያው አበልና የመኪናው ኪራይ ግን ይከፈላል። በመስኖ ወቅት የቆመ ፓምፕ ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው፤ የሽንኩርት ችግኝ ወረፋ አይጠብቅም።

ስለሆነም ጥያቄው ይህ ነው፦ በየመጋዘኑ፣ በየጋራዡ ጓሮና በየተዘጋው ድርጅት ግቢ ዝጎ የተጣለ አሮጌ ቶርኖ በአነስተኛ የቤት ዎርክሾፕ ውስጥ ታድሶ ለአባላት አገልግሎት ሊሰጥ ይችላል ወይ? መልሱ “አዎ፣ ነገር ግን በጥንቃቄ” የሚል ነው። የሚከተለው ገለጻ “አዎ” የሚያሰኘውንም ጥንቃቄ የሚጠይቀውንም በቅደም ተከተል ያቀርባል።

ቶርኖ ምንድን ነው?

ቶርኖ ብረትን እያሽከረከረ በስለታም መቁረጫ የሚቀርጽ ማሽን ነው። ስሙ ከጣልያንኛ የመጣ ሲሆን ሞርሳ፣ ካቻቢቴ፣ ኩሽኔታና ፑሌጃ የሚሉት የጋራዥ ቃላትም የመጡት ከዚያው ቋንቋ ነው። የማሽኑ ዋና ዋና ክፍሎች አራት ናቸው። አንደኛው አልጋው፣ ማለትም ሌላው ሁሉ የሚያርፍበት ረጅም የብረት መደብ ነው። ሁለተኛው በግራ በኩል ያለው ራሱ ነው፤ ዋናው ዘንግና ሥራውን ነክሶ የሚይዘው ቻክ እዚያ ይገኛሉ። ሦስተኛው በአልጋው ላይ እየተንሸራተተ መቁረጫውን የሚሸከመው ክፍል ነው። አራተኛው በቀኝ በኩል ረጅም ሥራን ከጫፉ የሚደግፈው ጭራው ነው።

ይህ መሣሪያ የማሽኖች እናት የሚባለው ያለ ምክንያት አይደለም። በጥንት ጊዜ እያንዳንዱ ብሎን የሚገጥመው ለራሱ ዳዶ ብቻ ነበር። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሞድስሊ እ.ኤ.አ. በ1800 ገደማ በሠራው ቶርኖ ግን የብሎን ጥርስ ተመሳሳይ ልክ እየጠበቀ በተደጋጋሚ ሊወጣ ቻለ። በሞድስሊ ዎርክሾፕ ሠርቶ የተማረው ጆሴፍ ዊትዎርዝ በ1833 በማንቸስተር የራሱን ሥራ ከፈተ፤ በ1841 ደግሞ የብሎን ጥርስ በሁሉም ፋብሪካ አንድ ዓይነት ልክ እንዲኖረው ሐሳብ አቀረበ።

ለኅብረት ሥራ ማኅበር አባላት ይህ ታሪክ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ከማንቸስተር ብዙ በማትርቀው በሮችዴል ከተማ 28 ሰዎች ተባብረው ዱቄት፣ ቅቤ፣ ስኳርና የአጃ ዱቄት የምትሸጥ አነስተኛ ሱቅ የከፈቱት ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1844 ነው። ዛሬ የዓለም ኅብረት ሥራ ማኅበራት መሠረት ተደርጋ የምትጠቀሰው ይህች ሱቅ ናት። የሮችዴል ሰዎች ለአባላቸው የገቡት ቃል ያልተቀላቀለ ዕቃና ትክክለኛ ሚዛን ነበር፤ ዊትዎርዝ ለፋብሪካዎች ያስተማረው ትክክለኛ ልክ ነበር። ሁለቱም ነገሮች ዛሬም የማኅበር ሀብት ናቸው።

አሮጌ ቶርኖ እንደ በሬ ይመረመራል

በሬ የሚገዛ ገበሬ በቀለሙ አይታለልም። ጥርሱን ገልጦ ያያል፤ ያራምደዋል፤ ሰኮናውንና ጫንቃውን ይመረምራል። አሮጌ ቶርኖም እንዲሁ ነው። አዲስ ቀለም የተቀባ ማሽን ገዢን ሊያስደስት ይችላል፤ ሆኖም ቀለም ስንጥቅን ይሸፍናል እንጂ አይጠግንም።

ለምሳሌ ያህል በአንዲት የወረዳ ከተማ፣ በግቢው ውስጥ ባለች የቆርቆሮ ክፍል ወፍጮና ፓምፕ የሚጠግን ባለሙያ ይታሰብ። ይህ ባለሙያ ለጨረታ የቀረበ አሮጌ ቶርኖ ለማየት ሲሄድ የሚከተሉትን ነገሮች ይመለከታል።

1ኛ. አልጋውን፦ አልጋ ይበልጥ የሚበላው ሥራ በሚበዛበት በራሱ አጠገብ ነው። መመርመሪያው ቀላል ነው። ተንሸራታቹ ክፍል በራሱ አጠገብ እያለ ማስተካከያው ትንሽ እስኪከብድ ይጠብቃል፤ ከዚያ ወደ ቀኝ ጫፍ ይገፋል። መሃል ላይ ሳይደርስ ከተጣበቀ የአልጋው ግራ ክፍል ከቀኙ ይልቅ ብዙ ተበልቷል ማለት ነው።

2ኛ. ዋናውን ዘንግ፦ ዳያል ጌጅ ዘንጉ ላይ ተደርጎ ቻኩ በእንጨት ወደ ላይ ይገፋል። ሁለት ወይም ሦስት መቶኛ ሚሊ ሜትር ቢንቀሳቀስ የሚያስደነግጥ አይደለም። በዓይን የሚታይ እንቅስቃሴ ካለ ግን ኩሽኔታው ወይም ዘንጉ ራሱ ወጪ ይጠይቃል።

3ኛ. ጥርሶቹን፦ የማርሾቹ ጥርስ አንድ በአንድ እየተዞረ ይታያል። አንድ የተሰበረ ጥርስ ሊጠገን ይችላል፤ በዚያው መስመር ብዙ ጥርስ ከተሰበረ ግን ማሽኑ ከዚህ በፊት ክፉ አደጋ ደርሶበታል።

4ኛ. መዘውሮቹን፦ የእጅ መዘውር ክፍሉን ሳያንቀሳቅስ ምን ያህል በባዶ ይዞራል? ሩብ ዙር ያህል ቢሆን ሠሪው እየለመደው ይሠራበታል። ሙሉ ዙር ከሆነ የውስጡ የነሐስ ዳዶ መቀየር አለበት።

5ኛ. ስንጥቅ፦ የቶርኖ አካል በአብዛኛው ካስት አይረን ነው፤ ጊዛ የሚባለው መሆኑ ነው። ጊዛ አይታጠፍም፤ ይሰነጠቃል። የተጠረጠረው ቦታ በናፍጣ ይታበሳል፤ በደንብ ይጠረግና የጠመኔ ዱቄት ይነሰነስበታል። ስንጥቅ ካለ የገባው ናፍጣ በነጩ ዱቄት ላይ ጥቁር መስመር ሆኖ ይወጣል።

6ኛ. የጎደለ ዕቃ፦ ተለዋጭ ማርሾቹ፣ ቻኩና ቁልፉ፣ ጭራው መኖራቸው ይረጋገጣል። ለጥርስ ማውጫ የሚያገለግሉት ተለዋጭ ማርሾች ከጠፉ ተመሳሳዩን ማግኘት ማሽኑን ከመግዛት የበለጠ ሊያደክም ይችላል።

የማሽኑ ታርጋና መለያ ቁጥር መመዝገባቸውም ጠቃሚ ነው። ለምሳሌ ሳውዝ ቤንድ በሚባሉት የአሜሪካ ቶርኖዎች ላይ ቁጥሩ የሚገኘው በአልጋው ላይ በቀኝ ጫፍ ነው። በዚህ ቁጥር የተሠራበትን ዘመንና የአጠቃቀም መጽሐፉን ማግኘት ይቻላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። አልጋው የተሰነጠቀ፣ ዋናው ዘንግ የተጣመመና ማርሾቹ የጠፉበት ቶርኖ በነፃም ቢሰጥ ውድ ነው። እንዲህ ያለውን ትቶ መመለስ እንደ ኪሳራ ሊቆጠር አይገባም።

ማጓጓዝና መፍታት

አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ሥራ የሚይዝ ቶርኖ አምስት ኩንታልና ከዚያ በላይ ሊመዝን ይችላል። ክብደቱ ወደ ላይና ወደ ራሱ ስለሚያደላ በቀላሉ ይገለበጣል። በመሆኑም ሲጓጓዝ ጭራው ይወርዳል፤ ማሽኑ ከወፍራም ጣውላ ጋር በብሎን ይታሰራል፤ መሬት ላይ በቧንቧ እያንከባለሉ ቀስ ብሎ ይገፋል። ገመድ ፈጽሞ በረጅሞቹ ቀጫጭን ዘንጎች ላይ አይታሰርም፤ አንዴ ከተጣመሙ አይቃኑም። ማሽኑ ወደ አንድ ወገን ማዘንበል ከጀመረም ሰው በእጁ ሊደግፈው አይሞክር። ብረት ይጠገናል፤ የተቀጠቀጠ እግር ግን እንደ ብረት አይጠገንም።

ወደ ግቢው ከገባ በኋላ የመጀመሪያው ፈተና ትዕግሥት ነው። “የቸኮለ አፍሶ ለቀመ” የተባለው በዚህ ሥራ ቃል በቃል ይፈጸማል። ጠንቃቃ ባለሙያ እያንዳንዱን ክፍል ከመፍታቱ በፊት በስልኩ ፎቶ ያነሳል፤ በደብተር ይመዘግባል፤ የእያንዳንዱን ክፍል ብሎን በየቲማቲም ጣሳው ለይቶ ስሙን ይጽፍበታል። ብሎኑም ወደ ወጣበት ቀዳዳ ይመለሳል።

አልላቀቅ ያለ ብሎን በኃይል አይመታም። ዘይትና ናፍጣ ተደባልቆ ይንጠባጠብበትና ያድራል፤ አስፈላጊ ከሆነ ዙሪያው ይሞቃል፤ ከዚያ ወደ መጥበቅም ወደ መላላትም ጥቂት ጥቂት ይወዘወዛል። አንዳንዱ ጥርስ በግራ የሚጠብቅ መሆኑም አይዘነጋም። ክፍሎችን የሚያያይዙ ሾጣጣ ፒኖች አሉ፤ አንዱ ጫፍ ከሌላው ይቀጥናል። ፒኑ የሚመታው ከቀጭኑ ጫፍ ብቻ ነው። በተቃራኒው የተመታ እንደሆነ ይበልጥ ይጠብቃል።

በኩሽኔታ ክዳኖች ሥር እንደ ወረቀት የሳሱ የብረት ቅጠሎች ሊገኙ ይችላሉ። ቆሻሻ መስለው እንዳይጣሉ። የዘንጉን ልቅነት የሚወስኑት እነርሱ ናቸው።

ቀለምን፣ ቅባትንና ዝገትን ማስለቀቅ

የደረቀ ቅባት በጋዝ ወይም በናፍጣና በብሩሽ ይታጠባል። ቤንዚን አያስፈልግም። በዝግ ክፍል ውስጥ ትነቱ ከሩቅ ምድጃ እንኳ እሳት ሊይዝ ይችላል።

የቆየ ቀለም ሌላ አደጋ አለበት። በድሮ ቀለሞች ውስጥ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖር ይችላል፤ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። ይህ ሥራ በመኖሪያ ግቢ የሚሠራ በመሆኑ ነገሩ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ቀለሙ በደረቁ በግራይንደር አይጨሰም። እየረጠበ ይፋቃል፤ ፍቅፋቂው በላስቲክ ተጠቅልሎ ይወገዳል፤ ሠሪው አፍንጫውን ይሸፍናል፤ የሥራ ልብሱ ከልጆች ልብስ ጋር አይታጠብም።

ዝገትን ለማስለቀቅ ሁለት ርካሽ ዘዴዎች አሉ። የመጀመሪያው አቼቶ ነው። ትናንሽ ዕቃዎች ለአንድ ቀን ያህል ይዘፈዘፋሉ፤ ከዚያ ይቦረሻሉ፤ በሶዳ ውኃ ታጥበው ወዲያውኑ ይደርቁና ዘይት ይቀባሉ። ከሚገባው በላይ ከቆዩ አሲዱ ጤነኛውን ብረት መብላት ይጀምራል።

ሁለተኛው በኤሌክትሪክ የሚሠራው ነው። በፕላስቲክ በርሜል ውስጥ ውኃ ይሞላና ለየአራት ሊትሩ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሶዳ አሽ ይጨመራል። ይህ ከአብያታ ሐይቅ ውኃ ሲወጣ የኖረው ዓይነት ሶዳ ነው። የዛገው ዕቃ ከ12 ቮልት የባትሪ ቻርጀር ነጌቲቭ ጋር፣ አንድ የማይፈለግ ተራ ብረት ደግሞ ከፖዘቲቩ ጋር ይያያዛል። ሁለቱ መነካካት የለባቸውም። ሽቦው ከተገለበጠ የሚበላው ዋናው ዕቃ ነው። በፖዘቲቩ በኩል የማይዝግ ብረት ማለትም ስቴንለስ ስቲል አይገባም፤ ውኃውን በመርዛማ ክሮሚየም ይበክለዋል። ዚንክ የተቀባ ብረትም አይሆንም። በሥራው ጊዜ የሚወጣው ጋዝ ሃይድሮጅን ስለሆነ ሥራው ከቤት ውጭና ከእሳት ርቆ ይከናወናል። እጅ ወደ ውኃው የሚገባው ቻርጀሩ ከተነቀለ በኋላ ነው። የአሉሚኒየም ዕቃና ሞላ በዚህ ዘዴ አይጸዱም።

የአልጋው ተንሸራታች ፊት ግን በማናቸውም መንገድ በግራይንደር ወይም በብርጭቆ ወረቀት አይነካም። ያ ፊት ከመላው ማሽን በበለጠ ጥንቃቄ የተሠራ ነው። ዘይት እየተቀባ በለስላሳ ብረት ይፋቃል፤ የተነሳ እብጠት ካለ በመሳያ ድንጋይ ቀስ ብሎ ይወርዳል። የአሸዋ ቅንጣት እዚያ ከቀረ እንደ ሞረድ ሆኖ ሌላውን ፊት ይበላል። በፊቱ ላይ የሚታዩ የፋብሪካ ጭረቶች ካሉም ብልሽት አይደሉም፤ ዘይት እንዲይዙ ሆን ተብለው የተሠሩ ናቸው።

የኤሌክትሪኩ ነገር

በርካታ አሮጌ ቶርኖዎች በሦስት ፌዝ፣ በ380 ቮልት ይሠራሉ። በአብዛኛው መኖሪያ ግቢ ያለው ግን ባለ 220 ቮልት አንድ ፌዝ ነው። መፍትሔዎቹ ሦስት ናቸው፦ ሦስት ፌዝ ማስገባት፣ ሞተሩን በአንድ ፌዝ ሞተር መተካት፣ ወይም ኢንቨርተር መጠቀም። በሞተሩ ታርጋ ላይ “220/380” የሚል ካለ ሽቦው ተስተካክሎ ከአንድ ፌዝ 220 ቮልት ተቀብሎ ሦስት ፌዝ በሚሰጥ ኢንቨርተር ሊሠራ ይችላል። ይህን የሚሠራው ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሻን መሆን አለበት።

ከአሜሪካ የመጣ ማሽን ሲሆን ሌላ ነገር ይታያል። የእነርሱ ኤሌክትሪክ 60 ኸርዝ ሲሆን የኢትዮጵያ 50 ነው። በታርጋው ላይ በደቂቃ 1725 ዙር የተጻፈበት ሞተር እዚህ በ1440 ገደማ ይዞራል፤ ቮልቴጁም መስተካከል አለበት። የሞተር ፑሌጃ ሲመረጥ ሒሳቡ ቀላል ነው። በ1400 ዙር የሚሠራ ሞተር ላይ 100 ሚሊ ሜትር ፑሌጃ፣ በማሽኑ ላይ ደግሞ 300 ሚሊ ሜትር ፑሌጃ ቢገጠም የማሽኑ ዙር ሲሦ ይሆናል፤ 467 ገደማ ማለት ነው።

የመሬት ሽቦ ሳይገጠም ማሽኑ አይነሳም። በክረምት እርጥብ ወለል ላይ ቆሞ ብረት ለሚነካ ሰው የመሬት ሽቦ ሕይወቱ ነው።

መገጣጠምና መፈተን

ክፍሎቹ በተፈቱበት ተቃራኒ ቅደም ተከተል ይገጠማሉ። ለአልጋው ቁጥር 68 የማሽን ዘይት፣ ለዋናው ዘንግ ደግሞ መጽሐፉ የሚያዝዘው ቀጠን ያለ ዘይት ይሰጣል። ከመኪና የተገለበጠ የተቃጠለ ዘይት ርካሽ ነው ተብሎ መጠቀም ትልቅ ስሕተት ነው። የሞተር ጥላሸትና የብረት ብናኝ ስላለበት የታደሰውን ማሽን መልሶ ያስረጃል።

ቀጥሎ ማሽኑ በጠንካራ ወለል ላይ ቆሞ በውኃ ልክ ይስተካከላል። አልጋው በአንድ እግሩ ቢጎብጥ ወይም ቢጠማዘዝ ሥራው ሁሉ ሾጣጣ ይሆናል። ይህን ለማረጋገጥ የሚደረገው ፈተና እንዲህ ነው። አንድ ወፍራም ዘንግ በቻክ ብቻ ይያዛል፤ አንድ ስንዝር ያህል ወደ ውጭ ይወጣል። በቻኩ አጠገብና በጫፉ ሁለት ቀለበቶች ይተዉና መሃሉ ዝቅ ተደርጎ ይቀረጻል። ከዚያ መቁረጫው ሳይነካ ሁለቱም ቀለበቶች በአንድ ጉዞ በስሱ ይላጣሉ። በማይክሮ ሜትር ሲለኩ እኩል ከሆኑ ማሽኑ ቀጥ ብሏል። ካልሆኑ ከእግሩ ሥር ያለው ማስተካከያ ጥቂት እየተነካ ፈተናው ይደገማል።

ፍጥነቱም በግምት አይደለም። ተራ ብረትን በተለመደው የብረት መቁረጫ ለመቅረጽ በደቂቃ 25 ሜትር ያህል ፍጥነት ይበቃል። ለ40 ሚሊ ሜትር ዘንግ ይህ በደቂቃ 200 ዙር ገደማ ነው። ዘንጉ ሲቀጥን ዙሩ ይጨምራል፤ ሲወፍር ይቀንሳል።

የብሎን ጥርስን በተመለከተ የድሮ የእንግሊዝ ማሽኖች የዊትዎርዝ ጥርስ አላቸው። የጥርሱ ማዕዘን 55 ዲግሪ ነው፤ የሜትሪኩ 60 ነው። ሁለቱ መጀመሪያ ላይ የሚገጥሙ ይመስላሉ፤ በኃይል ሲጠብቁ ግን ይተላለቃሉ። በኢንች የተሠራ ቶርኖ ትክክለኛ የሜትሪክ ጥርስ እንዲያወጣ የሚያስችለው ባለ 127 ጥርስ ማርሽ ነው። ምሥጢሩ አንድ ኢንች 25.4 ሚሊ ሜትር በመሆኑ ነው፤ 25.4 በ5 ሲባዛ 127 ይሆናል። ይህች ማርሽ በአሮጌ ሣጥን ውስጥ ከተገኘች በጥንቃቄ ትቀመጥ።

ከማሽኑ በፊት ሰው

ቶርኖ ለሰው አይራራም። የጋቢ ጫፍ፣ ነጠላ፣ ረጅም እጅጌ፣ ቀለበት፣ ከአንገት የወጣ ማተብ፣ ያልታሰረ ፀጉር፣ ጓንትም ጭምር በሚሽከረከር ዘንግ ሊጠመጠሙ ይችላሉ፤ ሰውየውንም ይዘው ይሄዳሉ። በመሆኑም ማተብ ከሸሚዝ ሥር ይገባል፤ እጅጌ እስከ ክንድ ይጠቀለላል፤ መነጽር ይደረጋል። የቻክ ቁልፍ ለአንድ አፍታም ቢሆን ቻኩ ላይ አይቀርም፤ ማሽኑ ሲነሳ እንደ ጥይት ይወረወራል። የብረት ፍቅፋቂ በእጅ ሳይሆን በመንጠቆ ይነሳል። የማጥፊያው ቁልፍ እጅ በቀላሉ በሚደርስበት ቦታ ይሁን። ቺንጋውና ማርሾቹ ክዳን ይኑራቸው። አሮጌ ማሽኖች ብዙ ጊዜ ክዳናቸው ጠፍቶ ስለሚገኙ አዲስ መሥራት የእድሳቱ አካል ነው። ሥራው በመኖሪያ ግቢ ከሆነ ዋናው ማብሪያ የሚቆለፍ ይሁን፤ ልጆች የማይነኩት ነገር የለምና።

ምን ይሠራል? ምን አይሠራም?

በአግባቡ የታደሰ ቶርኖ የተበላ የዘንግ አንገት በብየዳ ከተሞላ በኋላ ወደ ልኩ ይመልሳል። የነሐስ ቡሺንግ ይቀርጻል፤ የፑሌጃ ቀዳዳ ያሰፋል፤ ለጋሪ ጎማ አክሰል፣ ለፓምፕ ማያያዣ፣ ለማረሻና ለመውቂያ መሣሪያ ልዩ ብሎኖችን ያወጣል። የወፍጮ ቤቶች የዕለት ተዕለት ጥገና አብዛኛው በዚህ ውስጥ ይወድቃል።

የማይገባው ሥራም አለ። የትራክተር ፍሬንና የመሪ ዕቃዎች ዓይነታቸው በማይታወቅ ቁርጥራጭ ብረት አይተኩም። የጠነከረ የማርሽ ጥርስ በተራ ብረት ቢሠራ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይረግፋል። ከተወሰነለት በላይ በፍጥነት እንዲዞር ፑሌጃው የተቀየረ ወፍጮ ድንጋዩ ሊፈነዳ ይችላል። “አይሆንም፣ ይህ ከፋብሪካው ይገዛ” ብሎ የሚመልስ ባለሙያ ለማኅበሩ ሁሉን እሺ ከሚለው ይልቅ ይጠቅማል።

ለማኅበራት የሚቀርብ ሐሳብ

በመጀመሪያ፣ ሒሳቡ ሙሉ ይሁን። የማሽኑ የጨረታ ዋጋ ከወጪው አንዱ ክፍል ብቻ ነው። ማጓጓዣው፣ ኤሌክትሪኩ፣ ኩሽኔታና ቺንጋው፣ መቁረጫዎቹ፣ ካሊፐርና ማይክሮ ሜትሩ፣ ወለሉ፣ ከሁሉም በላይ የሰው ጉልበት ይቆጠራሉ። በሌላ በኩል ደግሞ በዓመቱ ውስጥ የማኅበሩ ወፍጮና ፓምፕ ስንት ቀን እንደቆመ፣ በእያንዳንዱ ቀን ስንት ገቢ እንደቀረ፣ ለመጓጓዣና ለአበል ስንት እንደወጣ ከመዝገብ ይወጣል። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ጠቅላላ ጉባኤው ይወስን። መዝገቡ “አያዋጣም” ካለ አለመግዛት ነው።

ሁለተኛ፣ ማኅበሩ የግድ ባለማሽን መሆን የለበትም። በግቢው ቶርኖ የሚያድስ የአካባቢ ባለሙያ ካለ ከእርሱ ጋር የጥገና ውል መግባት፣ ለመለኪያ መሣሪያ መግዣ ቅድሚያ ክፍያ መስጠት፣ ከቴክኒክና ሙያ ተቋም የወጡ ወጣቶች ከእርሱ ጋር እንዲለማመዱ ማድረግ ይቻላል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት እንደሚባለው ሁሉ ከሩቅ ፋብሪካ የቅርብ ዎርክሾፕ የሚሻልበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ ወፍጮና ፓምፕ የራሱ የጥገና ደብተር ይኑረው። የዘንጉ ወፍረት፣ የኩሽኔታው ቁጥር፣ የቺንጋው ልክ፣ ግራሶ የተሰጠበት ቀን ይመዝገብ። የተበላ ዘንግ ወደ ቶርኖ ሲሄድ “የፊተኛው ልኩ ስንት ነበር?” ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚገኘው ከዚህ ደብተር ነው። ዘንጉ እስኪበላ ድረስ ባልተጠበቀም ነበር፤ “ሳይቃጠል በቅጠል” የሚባለው ለዚህ ነው። በጊዜው የተሰጠ አንድ እፍኝ ግራሶ የቶርኖ ቤቱን መንገድ ያስቀራል።

አራተኛ፣ የታደሰ ማሽን ከክረምት ይጠበቅ። ከሥራ በኋላ ፍቅፋቂው ተጠርጎ አልጋው በዘይት ይታበስ፤ በሸራ ይሸፈን። ላስቲክ እርጥበት ስለሚያምቅ አይመከርም።

የተከበራችሁ አባላት፣

ከመቶ ዓመት በፊት በባዕድ አገር የተቀረጸ ብረት ዛሬም ልኩን ጠብቆ ሊሠራ የሚችለው በየዘመኑ ያየው፣ ያጸዳውና ዘይት ያጠጣው ሰው ስላለ ነው። ዩኒየንም ከዚህ የተለየ አይደለም። በምሥረታው ቀን የጻፈው መተዳደሪያ ደንብ፣ የሚዛኑ ትክክለኛነት፣ የሒሳብ መዝገቡና የአባላቱ ስብሰባ በየጊዜው ካልታዩ ይዝጋሉ። ከታዩ ደግሞ ለልጆች ይተላለፋሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለውም ድሩ ሳይበጠስ ለሚጠብቀው ነው።

በመጪው የምርት ዘመን የማንም ወፍጮ ለአንድ ክንድ ብረት ሲባል የማይቆምበት፣ የማንም እናት ለአንድ ቁና ዱቄት ሁለት ቀበሌ የማታቋርጥበት ዓመት እንዲሆን መልካም ምኞት ለሁላችሁም ይድረስ።

መልካም በዓል!